ነጩን አንሶላ ያዛገው ውሃ፦ የአንድ የጅማ ፔንሲዮን ጉዳይ

ለምን ጻፍኩት

ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ፣ የምኖረው ጅማ ነው። እዚህ ከተማ ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ያስቆፈረ ሰው አይጠፋም። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ፣ አንዳንዴም ጭራሽ ሲጠፋ፣ ሰው ምን ያድርግ? ችግሩ ከጉድጓዱ የወጣው ውሃ ጠርቶ ከታየ "ንጹህ ነው" ተብሎ መታለፉ ነው። ቀጥሎ የማወጋችሁ ጉዳይ አንድ ፔንሲዮን ውስጥ የሆነ ነው። ብዙ ገንዘብ በከንቱ አስወጥቷል፣ አንዲት ታታሪ ሠራተኛንም ከሥራ ሊያስባርር ምንም አልቀረውም ነበር። ስም አልጠቅስም፣ ሰፈሩንም ትቼዋለሁ። ነገሩ ግን ጉድጓድ ያለው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ስለሆነ ከነዝርዝሩ አስቀምጬዋለሁ።

ቤቱና ሰዎቹ

ፔንሲዮኑ ትንሽ ነው። ባለቤቷ ሰው ሁሉ "እትዬ" የሚላቸው ትልቅ ሴት ናቸው። ሒሳቡን የሚይዘው ልጃቸው ነው። አንሶላና ፎጣ የምታጥበው ሴት ደግሞ ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ አብራቸው አለች።

ጉድጓዱ የመጣው በኋላ ነው። ፓምፑ ውሃውን ከታች ስቦ ማማ ላይ ወደተሰቀለ ሮቶ ይገፋል፣ ከሮቶው ደግሞ በጋልቫናይዝድ ቧንቧ ወደ ክፍሎቹ ይወርዳል። መጀመሪያ የጉድጓዱ ውሃ ለሽንት ቤትና ለአትክልት ብቻ ነበር። ልብስ የሚታጠበውም ሻይ የሚፈላውም በከተማው ውሃ ነው። ፈረቃው እየራቀ ሲሄድ ግን ቀስ በቀስ ሁሉም ነገር ወደ ጉድጓዱ ዞረ። ይህን ለውጥ ማንም ልብ አላለውም። የነገሩ ቁልፍ ግን እሱ ነበር።

ችግሩ

መጀመሪያ አንሶላው ወየበ። ከዚያ ቡና የተደፋበት የሚመስል ነጠብጣብ ወጣበት። አጣቢዋ የምታውቀውን አደረገች፤ በረኪና ጨመረች። ባሰበት። ሌላ በረኪና ጨመረች፣ ውሃውንም አሙቃ ዘፈዘፈችው። ይሄኔ ነጠብጣቡ ጭራሽ ብርቱካንማ ሆኖ ቁጭ አለ። ስሄድ አንዱን አንሶላ ዘርግታ አሳየችኝ። በረኪናው በቀጥታ የፈሰሰበት ቦታ ክብ ሠርቷል፣ የክቡ ጠርዝ ከመሐሉ ይልቅ ጠቁሯል። ጣቴን ባሳልፍበት ጨርቁ ላይ ሻካራ ነገር ይሰማል።

ምልክቱ አንሶላው ላይ ብቻ አልነበረም። ሽንት ቤቱ ሳህን ላይ ውሃ የሚወርድበት መስመር ቀይ ሆኗል። ሻወሩ ቀዳዳው እየተደፈነ ነው። ውሃው ሲጠጣ ብረት ብረት ይላል። ሻዩ ደግሞ ቀይ መሆኑ ቀርቶ ወደ ጥቁር ወይን ጠጅ እየሄደ፣ እንግዶች "ይሄ ሻይ ትናንት የፈላ ነው እንዴ?" ማለት ጀምረዋል።

ጣት የተቀሰረው አጣቢዋ ላይ ነው። ቀለም ከሚለቅ ልብስ ጋር ቀላቅላ ነው የምታጥበው ተባለች። ሌሊት ሳይቀር ስትለፋ የከረመች ሴት አመድ አፋሽ ሆነች። ቀጥሎ የዱቄት ሳሙናው ተጠረጠረና ተቀየረ። ቀጥሎ የተጠራው ቧንቧ ሠራተኛ "መስመሩ ዝጓል፣ ሁሉም ወደ ፕላስቲክ ይቀየር" አለ። ግድግዳ ተፈልፍሎ ተቀየረ። ቀላል ወጪ አልነበረም። አንሶላው ግን እንደ ወትሮው መዛጉን ቀጠለ። ልጃቸው ድሮ ያስተማርኩት ነው፤ በመጨረሻ "ቲቸር፣ እስቲ አንዴ ብቅ ብለው ይዩልን" ብሎ ደወለልኝ።

ምርመራው

መጀመሪያ መለየት የነበረበት ዝገቱ ከቧንቧው ነው ወይስ ከመሬቱ የሚለው ነው። ይህ ማሽን አይፈልግም። ሦስት ነጭ ብርጭቆ አስመጣሁ። አንዱን ከፓምፑ አፍ፣ አንዱን ከሮቶው፣ አንዱን ከክፍል ቧንቧ ሞላናቸውና ነጭ ወረቀት ላይ ደረደርናቸው። ከፓምፑ የተቀዳው ኩልል ያለ ነው። የሮቶውና የክፍሉ ግን ደፍርሰው ቢጫ ብለዋል። "በቃ፣ ችግሩ ከሮቶው ነዋ!" አሉ እትዬ። "ትንሽ እንጠብቅ" አልኳቸው። ወደ ማታ የፓምፑም ብርጭቆ ቢጫ ማለት ጀመረ። በነጋታው ጠዋት ሥሩ ላይ ቡናማ ዝቃጭ ተኝቶበት አገኘነው። ብርጭቆው ውስጥ ቧንቧ የለ፣ ሮቶ የለ። ብረቱ ከውሃው ጋር ከመሬት ነው የወጣው ማለት ነው።

ጥፋቱ የቧንቧ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይገለበጥ ነበር። ሌሊት ቧንቧ ውስጥ ያደረው ውሃ ጠዋት ሲከፈት ቡናማ ሆኖ ይወጣል፣ ጥቂት ሲፈስ ይጠራል፣ ጠርቶም ይቀራል። እዚህ ቤት ውሃው ጠርቶ ይወጣና ቆይቶ ነው የሚቀላው።

ሁለተኛው ፈተና በሻይ ነበር። ጠንካራ ጥቁር ሻይ አስፈላንና እኩል እኩል ማንኪያ በጉድጓዱ ውሃና በከተማው ውሃ ላይ ጨመርን። የከተማው ሻይ መሰለ። የጉድጓዱ ትንሽ ሲቆይ እየጠቆረ ሄዶ ቀለም የተበጠበጠበት መሰለ። ሎሚ ጠብ ሲደረግበት መልሶ ፈካ። ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ከብረት ጋር ሲጣመር ጥቁር ይሆናል፤ አውሮፓ ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት የጽሕፈት ቀለም የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ሎሚው አሲድ ስለሆነ ጥምረቱን ይፈታዋል። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ከእህልና ከአትክልት የምናገኘውን ብረት ሰውነታችን በደንብ እንዳይወስድ የሚያደርገውም ይኸው ታኒን ነው።

ሦስተኛ፣ ሮቶው ውስጥ ውሃው ላይ ዘይት የመሰለ የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን ነበር። ልጃቸው የፓምፕ ዘይት ፈሶ ነው ብሎ ሠግቷል። በእንጨት ነካ አደረግነው። ዘይት ቢሆን ተመልሶ ይገጥም ነበር። ይኼኛው ተሰባበረ፣ ስብርባሪውም እንደተለያየ ቀረ። የብረት ሽፋን ነው፤ ብረት እየበሉ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ባሉበትም እንዲህ ያለው ይታያል። ሮቶው ግድግዳ ላይ የሚያሙለጨልጭ ብርቱካንማ አተላ ማግኘታችንም ባክቴሪያዎቹ እንዳሉ አመልክቶናል።

ከዚያ በኋላ ነው ናሙና ወደ ላቦራቶሪ የላክነው። ብረት በሊትር ከ4 ሚሊ ግራም ትንሽ አለፍ ይላል፣ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ከ7 ሲያንስ ውሃው አሲድነት አለው ማለት ነው) 6.3፣ ብረት መሰል ንጥረ ነገር የሆነው ማንጋኒዝም ጥቂት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለብረት ጤናን መሠረት ያደረገ ገደብ አላስቀመጠም፤ ከ0.3 ሚሊ ግራም በላይ ሲሆን ግን ልብስና ዕቃ እንደሚያዛግ ይገልጻል። ስለዚህ እትዬን "መርዝ አይደለም፣ ግን አንሶላ ለማበላሸት ከበቂ በላይ ነው" አልኳቸው። ለመጠጥ ግን የባክቴሪያ ምርመራ ለብቻው እንዲደረግ አደራ ብያለሁ። የብረት ውጤት ስለ ጀርም የሚነግረን ነገር የለም።

ብረት ለምን እንዲህ ይሆናል?

ብረት የአቶም ቁጥሩ 26 ነው፣ ትራንዚሽን ኤለመንት ከሚባሉት መሐል። የነዚህ ንጥረ ነገሮች ዋና ጠባይ አንድ ዓይነት ቻርጅ (የኤሌክትሪክ ሙል) ብቻ ይዘው አለመቀመጣቸው ነው። ሶዲየም ሁልጊዜ አንድ ኤሌክትሮን (የአቶም ጥቃቅን ቅንጣት) ይሰጣል፣ አበቃ። ብረት ግን እንደ ሁኔታው ሁለት ወይም ሦስት ይሰጣል። ሁለት ሲሰጥ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ በዚህ መጠን ዓይን አያየውም። ሦስት ሲሰጥ ደግሞ በተለመደው ውሃ ውስጥ መሟሟት አቅቶት ቀይ ዝቃጭ ይሆናል። አንድ ንጥረ ነገር ሆኖ ሁለት መልክ ነው ያለው። ቀለሙም የዚሁ ቤተሰብ ጠባይ ነው፤ ተማሪዎቼ ሰማያዊውን ኮፐር ሰልፌትና ሐምራዊውን ፐርማንጋኔት የሚያውቁት ከዚሁ ሰፈር ነው።

የጅማን አፈር እዩት። ቀይ ነው። ያቀላው የብረት ኦክሳይድ ነው። ብረት ከምድር ቅርፊት 5 በመቶ ያህሉን ይይዛል፣ በብዛቱም 4ኛ ነው። የኛ ዝናብ ብዙ ነው። ውሃው ቅጠላ ቅጠል በበሰበሰበት አፈር ውስጥ ሲሰርግ ኦክሲጅኑ ያልቃል፣ በምትኩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዝና አሲድነት ይኖረዋል። አየር በሌለበት እዚያ ታች ብረቱ አንድ ኤሌክትሮን መልሶ ይቀበልና የሚሟሟውን መልክ ይይዛል። ፓምፑ አውጥቶ ከአየር ጋር ሲያገናኘው ደግሞ ኤሌክትሮኑን ይጥላል፣ ይዝጋል።

በረኪናስ? በረኪና ኤሌክትሮን ነጣቂ ነው። አየር በሰዓታት የሚሠራውን እሱ ወዲያው ይሠራዋል። ሥራውን የሚሠራው ደግሞ ብረቱ በክሩ ውስጥ ሰርጎ እያለ ነው። ዝገቱ እዚያው ክሩ ላይ ይወለዳል። ሙቀቱ ያፋጥነዋል። ሴትየዋ የበለጠ በለፋች ቁጥር አንሶላው የበለጠ የተበላሸው ለዚህ ነው።

ይሄው አንሶላ ያበላሸ ጠባይ ሌላ ቦታ ሕይወት ነው። ደማችን ኦክሲጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን መሐል ባለ ብረት ነው፤ ብረቱ ኦክሲጅኑን ሳንባ ላይ ይይዝና የሚፈለግበት ቦታ ይለቀዋል። ገበሬው በቆሎው ላይ የሚበትነው ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ ነው። አሞኒያው ደግሞ የሚገኘው ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን በብረት ካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ ሥራውን የሚያፋጥን ነገር) ላይ ሲገናኙ ነው፤ ጀርመን ውስጥ ከ1913 ጀምሮ በፋብሪካ ደረጃ እየተመረተ ነው። ኤሌክትሮን መስጠትና መቀበል የሚቀለው ብረት በየቦታው ተፈላጊ የሆነው በዚሁ ባሕርዩ ነው።

የተሞከረው

የመጀመሪያው ቀን ውሳኔ ምንም ገንዘብ አልጠየቀም። በጉድጓድ ውሃ በሚታጠብ ነጭ ልብስ ላይ በረኪና ቀረ። ነጭ ነገር በከተማው ውሃ ወይም ከቆርቆሮ በተጠራቀመ ዝናብ ብቻ እንዲታጠብ ሆነ። አዲስ ነጠብጣብ መውጣቱ ወዲያው ቆመ። እትዬም አጣቢዋን ሰው ፊት ጠርተው "ይቅር በይኝ እህቴ፣ ያለ ጥፋትሽ ነው" አሏት። እኔ በበኩሌ ከዚህ ሁሉ ሥራ ትልቁ ይኼ ይመስለኛል።

ያልሠራውን ልንገራችሁ። ልጃቸው ከሱቅ ማጣሪያ ገዝቶ መስመሩ ላይ አስገባ። የተሟሟ ብረት ግን እንደ ጨው ነው፤ ማጣሪያው ውስጥ ያልፍና ወዲያ ማዶ ሄዶ ይዝጋል። ሮቶው ውስጥ ቀድሞ የዛገው ደግሞ በተቃራኒው ማጣሪያውን ወዲያው ደፈነው። ቀጥሎ ሮቶውን ፍቆ ማጠብ ተሞከረ። ለጥቂት ቀን ደህና ሆነ፣ ከዚያ ተመለሰ። ማፍላትም ለሻይ አልጠቀመም፣ ብረት አይተንም።

የሠራው መንገድ አየር፣ ጊዜና አሸዋ ነው። መጀመሪያ ማዛግ፣ ከዚያ ማጣራት። ማማው ሥር ሌላ ሮቶ ተቀመጠ። ከፓምፑ የመጣው ውሃ በተበሳሳ ቧንቧ ተረጭቶ ጠጠር በያዙ፣ ሥራቸው በተበሳ ሦስት ሰፋፊ ሳፋዎች ላይ እየተንጠባጠበ ወደ ሮቶው ይወርዳል። እዚያ ያድራል። ጠዋት ከሥሩ ትንሽ ከፍ ብሎ በተገጠመ ቧንቧ አሸዋ ወደተሞላ በርሜል ያልፍና ወደ ላይኛው ሮቶ ይገፋል።

መጀመሪያ ሲሠራ ውጤቱ ግማሽ ነበር። ከአሸዋው የወጣው ውሃ በብርጭቆ ሲያድር አሁንም ቢጫ ይላል። ልጃቸው አየሩ አንሷል፣ የአየር ፓምፕ ልግዛ አለ። እዚህ ላይ ስሌት ያድናል። 1 ሚሊ ግራም ብረት ለማዛግ የሚያስፈልገው ኦክሲጅን 0.14 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። በጅማ ከፍታ አየር የጠገበ ውሃ በሊትር 7 ሚሊ ግራም ያህል ኦክሲጅን ይይዛል። ይህ 50 ሚሊ ግራም ብረት ያዛጋል፤ እኛ ያለን 4 ነው። አየር ሞልቷል። ያነሰው ፒኤች ነው። ፒኤች በ1 ሲወርድ ብረት የሚዝግበት ፍጥነት 100 እጥፍ ገደማ ይቀንሳል። ከ7 በላይ በደቂቃዎች የሚያልቀው ሥራ 6.3 ላይ ሰዓታት ይፈጃል።

ስለዚህ ከላይ ባሉት ሁለት ሳፋዎች ጠጠሩ ወጥቶ የእምነበረድ ስብርባሪ ገባ። እምነበረድ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ አሲድ ሲያገኝ ይሟሟና የውሃውን አሲድነት ይቀንሳል። ከሚቆርጡት ቤቶች ቁርጥራጩ በርካሽ ይገኛል። ግን ግራናይትም ከዚያው ቁርጥራጭ ጋር ስለሚቀላቀል መለየት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ላይ አቼቶ ጠብ አደረግን፤ እምነበረዱ ላይ ሲፍለቀለቅ ይታያል፣ ግራናይቱ ዝም ይላል። ዝም ያለውን ጣልነው። ከትምህርት ቤት ባመጣሁት የፒኤች ወረቀት ስንለካ ውሃው 7ን አለፈ። ከአሸዋው የወጣው ውሃም በብርጭቆ አድሮ እንደጠራ ቀረ። የሻዩ ፈተና ላይ ከከተማው ውሃ ጋር መለየት አቃተን።

የተበላሹትን አንሶላዎች በተመለከተ፣ ቀላል ነጠብጣብ በሎሚና በጨው ተለቅልቆ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ለቀቀ። ፀሐዩ ለማድረቅ ብቻ አይደለም፤ ሎሚው የያዘውን ብረት ብርሃን ወደሚሟሟው መልክ ይመልሰዋል። ለከባዱ ኦክሳሊክ አሲድ ተጠቀምን፣ በፕላስቲክ ሳፋ፣ በጓንት፣ ልጆች በሌሉበት፣ መርዛማ ነውና። አብዛኛው ነጣ። በተደጋጋሚ በረኪና የተዘፈዘፉት ግን ክራቸው ስለሳሳ ሲታጠቡ ተቀደዱ።

አንድ ነገር አስምሩበት፦ በረኪና የነካውን ጨርቅ በብዙ ንጹህ ውሃ ሳታለቀልቁ ሎሚም፣ አቼቶም፣ ሌላ አሲድም እንዳታስነኩት። ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ሳንባ ያቃጥላል። በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰው ሊገድል ይችላል።

ከዚህ ጉዳይ ሌላ ቤት የሚሠራው

ቀይ አፈር ባለበት አገር ጉድጓድ ስታስቆፍሩ ውሃውን ጠርቶ እንደወጣ አትመኑት፣ በብርጭቆ ይደር። ቧንቧ ከመቀየራችሁ በፊት ከፓምፑ አፍና ከቤት ቧንቧ የተቀዳውን አስተያዩ፤ እትዬ ግድግዳ ከማስፈልፈላቸው በፊት ይህ ቢደረግ ኖሮ ወጪው ሁሉ ይቀር ነበር። ማጣሪያ የሚሸጥላችሁን ሰው "የተሟሟ ብረት ነው ወይስ የዛገ የሚያጣራው?" ብላችሁ ጠይቁት። በረኪና ሲነካው የሚባባስ ነጠብጣብ ካያችሁ ብረትን ጠርጥሩ፣ አጣቢዋን አይደለም። ፒኤች ሳይለካ ደግሞ አየር መጨመር ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ እኛ ያየነው ይህንን ነው።

አሁን ያለበት ሁኔታ

ሥርዓቱ እየሠራ ነው፣ ግን እንክብካቤ ይፈልጋል። እምነበረዱ ዝገት ሲለብስ መሟሟቱን ስለሚያቆም በብሩሽ ይፈተጋል። አሸዋው ላይ የሚከማቸው ቀይ ጭቃ ተዝቆ ይወጣል። ጭቃው ወደ አዌቱ ወንዝ እንዳይለቀቅ ተስማምተን ግቢው ጥግ ጉድጓድ ተቆፍሮለታል። ጭቃውን አትክልቱ ሥር ያልበተንነው፣ ብረት ለተክል የሚያስፈልገውን ፎስፈረስ አጥብቆ ስለሚይዝ ነው፤ የአካባቢው አፈር በዚህ በኩል ቀድሞም ይቸገራል።

ማንጋኒዙ አልተፈታም። እሱም ትራንዚሽን ኤለመንት ነው፣ ጠባዩም ይመሳሰላል፣ ግን በአየር ብቻ እንዲዝግ ፒኤቹ ከ9 ማለፍ አለበት። እምነበረድ እዚያ አያደርስም። ስለዚህ ሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ውስጥ አሁንም ጥቁር አተላ ይታያል፣ ነጭ አንሶላም እስካሁን የሚታጠበው በከተማው ወይም በዝናብ ውሃ ነው። በማንጋኒዝ ኦክሳይድ የተለበጠ አሸዋ እንደሚይዘው ስለሚታወቅ ቀጣዩ ሙከራ እሱ ነው። በርሜሉ ተገዝቷል፣ አሸዋውን እያዘጋጀን ነው።